እቴጌዋን የሚመርጥ ተጫዋች አጣሁ

የምኖረው ጎንደር ነው። ማታ ማታ ፒያሳ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የምንሞክረው የካርድ ጨዋታ እየሠራሁ ነው። ዓለሙ የምናብ ግዛት ነው፤ ሁለት ተቀናቃኞች ዙፋኑን ይፈልጋሉ። ንጉሡ አንድ ቋሚ መዲና፣ አንድ ግብር፣ አንድ ሕግ ይላሉ። እቴጌዋ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ይሁን፣ ከአገር አገር ይዙር፣ እያንዳንዱ አውራጃ በራሱ ልማድ ይተዳደር ባይ ናቸው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከዚሁ ከከተማችን ነው። ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉ ሲዘዋወሩ ኖረው፣ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደር ላይ ረጉ። ከ1769 በኋላ ደግሞ በዘመነ መሳፍንት ሥልጣኑ ከዙፋኑ ወደ መሳፍንቱ ሄደ።

ችግሩ፣ ሁሉም ንጉሡን ይመርጣል። የእቴጌዋን ጦር በእጥፍ ሳሳድግ ጨዋታው ውጊያ ብቻ ሆነ፤ ስለ አገዛዝ የሚከራከር ጠፋ። የንጉሡን ግብር ስቀንስ በሦስተኛው ዙር ካዝናቸው ባዶ ቀረ። እቴጌዋን ክፉ ማድረግ አልፈልግም፤ እሳቸውም እውነት አላቸው።

ጦር ሳልጨምር፣ ለእቴጌዋ ምን ዓይነት አቅም ብሰጣቸው ነው ተጫዋች አምኖባቸው የሚመርጣቸው?