ጦሳ ሥር ያለ የጭቃ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ይሻግታል፤ ከየት ልጀምር?

የጓሮ በር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ደሴ፣ ጦሳ ሥር ተዳፋት ተቆርጦ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ውስጡም ውጭውም በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ። ከሐምሌ ጀምሮ የጓሮው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ይረጥብና ቀለሙ እየተቀረፈ ነጭ ዱቄት ያወጣል። መኝታ ክፍል ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ጀርባና ከኮርኒሱ ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። አምና በበረኪና ታጥቦ ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ዘንድሮ ባሰበት።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ ይስተካከላል። ግን ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብህ። የታችኛው ከመሬት የሚሳብ ውሃ ነው። ነጩ ዱቄት ሻጋታ ሳይሆን ውሃው ከአፈር ይዞት የወጣ ጨው ነው፤ በረጠበ ጣት ስትነካው ይሟሟል።

ጓሮ ወጥተህ አፈሩ ከቤቱ ወለል በስንት ሴንቲ እንደሚበልጥ ለካ። ተዳፋት ላይ ባለ ቤት ጎርፍ ያመጣው ደለል በየክረምቱ ግድግዳው ሥር ይከመራል። ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ እስኪል አንሳው። ከዚያ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ 40 ሴንቲ ስፋት ያለው ቦይ፣ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ እየወረደ ውሃውን በቤቱ ጎን የሚያሳልፍ። ቱቦና ጠጠር የሚቀብሩ አሉ፤ ለእንደዚህ ያለ ቦታ እኔ ክፍት ቦይ እመርጣለሁ፣ ደለሉ ሲሞላ በአካፋ ይወጣል። የቦዩ ታች ከቤቱ መሠረት አይውረድ፤ ከወረደ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

አሁን ግን ጥልቅ ቁፋሮ እንዳትጀምር! የረጠበ ተዳፋት ይናዳል። ለጊዜው የላይ የላዩን ውሃ አስቀይስ፣ አሸንዳውን ጥረግ፤ ቦዩን ጥቅምት ላይ ቆፍር።

ኖራ ቀቢ፦
ሲሚንቶው ላይ ልጨምር። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ማገሩን ያበሰብሳል። ግድግዳውን በጣትህ መገጣጠሚያ አንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ለቋል። ዝናቡ ሲያበቃ ከውስጥ በኩል ከእርጥበቱ መስመር 40 ሴንቲ ያህል ከፍ አድርገህ አራግፈውና ለሳምንታት ይድረቅ። ከጭድ ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት በቦካ ጭቃ መልሰህ ምረገው፤ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ኖራ ቅባ። ኖራው እንደ ወተት የቀጠነ፣ ግድግዳው ቀድሞ በውሃ የረጠበ፣ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ መሃል አንድ ቀን። ፕላስቲክ ቀለም ላይ ኖራ አይይዝም፤ መፋቅ አለበት። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ መነጽር አድርግ።

እመት ከሆጤ፦
ስለ መኝታ ክፍሉ፦ 30 በ30 ሴንቲ ላስቲክ ነጠብጣቡ አጠገብ አራቱንም ጎን በፕላስተር ለጥፈህ ሁለት ቀን ጠብቅ። ላቡ በክፍሉ በኩል ካለ እንፋሎት ነው፤ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ይመጣል።

እንፋሎት ከሆነ ቁም ሳጥኑን 10 ሴንቲ ከግድግዳው አርቀው። እርጥብ ልብስ ክፍል ውስጥ አይሰጣ። ቡታጋዝ ራሱ ውሃ ያመነጫል፤ 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ 1.5 ሊትር ገደማ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ያልበውና አቡጀዴው ላይ ይንጠባጠባል። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ትይዩ መስኮቶችን 15 ደቂቃ ክፈት። ክፍሉን ላድርቅ ብለህ ከሰል አስገብተህ እንዳትተኛ፣ ይገድላል።

ሻጋታውን ደረቁን አትጥረገው፣ ብናኙ ይበተናል፤ አርጥበህ በሳሙና እጠብ። በረኪና የሚሠራው መስታወትና ሴራሚክ ላይ ነው፤ ጭቃና ልስን ላይ ከላይ ያነጣዋል እንጂ ውስጡን አይነካም። ከአቼቶ ጋር ከቀላቀልከው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የጓሮ በር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ አፈሩ ከወለሉ በ22 ሴንቲ ይበልጣል። ላስቲኩንም ለጥፌያለሁ።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦
እንግዲያው ከ37 ሴንቲ ያላነሰ ነው የምታወርደው። ይህን ያህል በአንዴ አይነሳ፤ አሁን ውሃውን ብቻ አስቀይስ። ጥቅምት ላይ በ2 ሜትር በ2 ሜትር እየከፈልክ አንሳ፣ መሠረቱ ብቅ ካለ እዚያው አቁም።