ጁዶ ላይ «እሺ በለው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቢኒ ነጭ ቀበቶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ቴኳንዶ 4 ዓመት ሰርቻለሁ፣ አሁን ሃይፋ ነኝ፣ ልጄን ጁዶ ሳመላልስ ቁጭ ብዬ ከማይ ብዬ እኔም ገባሁ። ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል ግን ብዙውን ጊዜ የሰራነው መውደቅ ነው፣ ወደ ኋላ ውደቅ ወደ ጎን ውደቅ ምንጣፉን በክንድህ ምታ። አሰልጣኙ ደግሞ ሁሌ «አትግፋ፣ እሺ በለው» ይለኛል፣ ሰው ሲገፋኝ እኔ መልሶ መግፋት ነው የሚመጣልኝ። ግድግዳው ላይ በጃፓንኛ የተጻፉትን ሁለት ጽሑፎች ስጠይቅ ደግሞ አንዱ «አብሮ መጠቀም» ማለት ነው አሉኝ። ሰው አንስተህ እየጣልከው እንዴት ነው አብሮ መጠቀም የሚሆነው? የገባችሁ አስረዱኝ።

ራንዶሪ77፦
ቢኒ ወንድሜ፣ ጁ ማለት ለስላሳ፣ የማይገትር እንደማለት ነው፣ ዶ ደግሞ መንገድ፣ ቴኳንዶ ላይ ያለው ዶ ራሱ ነው። የጁዶ መስራች ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ በ12 ታታሚ ምንጣፍ ነው ኮዶካን የሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት የጀመረው። ሰውየው ትንሽዬ ነበር፣ ልጅ ሆኖ ጉልበተኞች ስላስቸገሩት ነው ጁጁትሱ፣ የድሮውን የጃፓን ትግል፣ መማር የፈለገው። እና ነገሩን በቁጥር ነበር የሚያስረዳው፣ የተጋጣሚህ ጉልበት 10 ያንተ 7 ነው እንበል፣ ሲገፋህ ከገፋኸው ያው ትሸነፋለህ፣ በገፋህ ልክ ሚዛንህን ሳትለቅ ወደ ኋላ ካልክ ግን እሱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ያኔ ጉልበቱ 3 ቀረ ያንተ 7ቱ እንዳለ ነው፣ ግማሹ ይበቃሃል። ሚዛን ማሳጣቱን ኩዙሺ ነው የምንለው።
ግን ካኖ እዚህ ላይ አላቆመም፣ እኔ ሰውየውን የምወደው ለዚህ ነው። ከኋላ ጭምቅ አድርጎ የያዘህን ሰው እሺ ብትለው ምን ይፈይድልሃል? ስለዚህ ዋናው ሕግ እሺ ማለት ሳይሆን ያለህን አቅም በትክክለኛው ቦታ ማዋል ነው አለ፣ ሴይርዮኩ ዘንዮ። ግድግዳችሁ ላይ ሁለተኛው ጽሑፍ እሱ ይመስለኛል።

ሠናይት፦
አብሮ መጠቀሙን እኔ ልመልስልህ፣ ጂታ ክዮኤይ ነው የሚባለው። አብሮህ የሚሰራው ሰው ሰውነቱን እያበደረህ ነው፣ እሱ ካልወደቀልህ በምን ትማራለህ? ለዚህ ነው ጣይው እጅጌውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ የሚይዘው፣ የወደቀው በጎኑ እንዲያርፍ። እኔን አንዴ የጣለኝ ልጅ ለማሸነፍ ቸኩሎ እጅጌዬን ለቀቀውና ትከሻዬ ወለቀ፣ 3 ወር ቤት ዋልኩ፣ እሱም የሚሰራበት ሰው አጣ። መውደቅ አሰልቺ እንዳይመስልህ፣ መውደቅ የቻለ ሰው አይፈራም፣ ካልፈራ ደግሞ አይገትርም።

ዳኒ የአራዳው፦
እህቴ ልምምድ ላይ ልክ ነሽ፣ ውድድር ላይ ግን ሁሉም እጁን ገትሮ ነው የሚታገለው፣ ፍልስፍናው እዛ የለም።

ሠናይት፦
ዳኒዬ ገትሮ ሳያጠቃ የሚቆመውማ ሺዶ ይሰጠዋል፣ ቅጣት ነው። ደሞ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ አስታውስ፣ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ጃፓኑን ካሚናጋን በሀገሩ ሕዝብ ፊት ሲያሸንፍ ደጋፊዎቹ ሊጨፍሩ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ተጋጣሚው ገና አልተነሳም ነበር እኮ።

ቢኒ ነጭ ቀበቶ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሞከርኩት፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲገፋኝ አልገፋሁም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፣ እውነትም ወደ ፊት መጣ ግን እግሬ ዘገየና እሱ ጣለኝ። እጅጌዬን ግን እስክተኛ ድረስ አለቀቀውም። ሠናይት፣ እግሬ መቼ ነው መንቀሳቀስ ያለበት፣ እሱ ሲጀምር ነው ወይስ ከመጣ በኋላ?