ሲሙሌሽን ላይ ጸጥ ያለው ባፈር ረጅም ገመድ ሲሰካበት ለምን ያብዳል?

ጣና_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላለ አንድ መናፈሻ የድምፅ መስመር እየሠራሁ ነው። ሚክሰሩ ቤት ውስጥ ነው፣ ፓወር አምፑና ስፒከሮቹ ታች ውኃው ጠርዝ ላይ ናቸው፣ በመሃል 40 ሜትር ሺልድ ገመድ አለ። የሚክሰሩ መውጫ ደካማ ስለሆነብኝ በቲኤል072 (ኦፕአምፕ አይሲ ነው) ጌይኑ 1 የሆነ ባፈር፣ ማለትም ምልክቱን ሳያጎላ ጉልበት የሚሰጠው ሰርኪት፣ ሠራሁለት። ኤልቲስፓይስ በሚባለው የሰርኪት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ላይ 10 ኪሎኦም ሎድ ሰጥቼ ሳየው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ልቅም ያለ ነው። ጠረጴዛ ላይም እንደዚያው። ገመዱን የሰካሁ ዕለት ግን ድምፁ ሻከረ፣ አይሲውም መሞቅ ጀመረ። ኦሲሎስኮፕ ተውሼ ሳየው ምንም ሙዚቃ ሳይገባ 900 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ አለ። ገመዱን ስነቅለው ወዲያው ጸጥ ይላል። ሁለት ቀን ታገልኩት። ምኑን ነው የሳትኩት?

ዓባይ_ማዶ፦
ገመዱ ነው ወንድሜ። ገበያው በቀሽም ገመድ ተሞልቷል። ደህና ገመድ ገዝተህ ቀይረው።

ስታኞ፦
ልጄ፣ ገመዱን ቶሎ አትጣለው። ውድ ብትገዛም ርዝመቱ ያው 40 ሜትር ነው። ሺልድ ገመድ በሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ 40 ሜትር ሲሆን 4 ናኖፋራድ ካፓሲተር መውጫው ላይ ሰቀልክ ማለት ነው። ሲሙሌሽኑ አልዋሸህም፣ አንተ ነህ ስለ ገመዱ ያልነገርከው።

አሁን ሒሳቡን እይ። የቲኤል072 የራሱ የመውጫ ሬዚስታንስ፣ ፊድባክ (ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለሰው ምልክት) ሳይነካው፣ 125 ኦም አካባቢ ነው። ይህና 4 ናኖፋራዱ ተገናኝተው 318 ኪሎኸርዝ ላይ አዲስ ፖል ይፈጥራሉ፣ ከዚያ በላይ ጌይኑ ይበልጥ ይወርዳል ማለት ነው። አይሲው ደግሞ እስከ 3 ሜጋኸርዝ ጌይን አለው። ያ ፖል መሃል ገብቶ ምልክቱን ያዘገየዋል፣ የፊድባኩ ዙር ጌይን 1 የሚሆነው ወደ 1 ሜጋኸርዝ ተጠግቶ ነው፣ እዚያ ስትደርስ የሚቀርህ ፌዝ ማርጅን (መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ያለህ ትርፍ) 18 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የአይሲው የራሱ መዘግየት ሲጨመርበት እሱም ያልቃል። ያየኸው 900 ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጌይን 1 ላይ መሥራትህም አባብሶታል፣ ምክንያቱም ፊድባኩ ሙሉ በሙሉ ነው የሚመለሰው።

መፍትሔው አንድ ሬዚስተር ነው። 100 ኦም በመውጫው ላይ በሴሪ በይድ። ፊድባኩን ግን ከአይሲው እግር ነው የምትወስደው፣ ከሬዚስተሩ ወዲያ አይደለም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ድምፁን ይጎዳል ብለህ አትስጋ፣ 100 ኦምና 4 ናኖፋራድ መቁረጥ የሚጀምሩት 400 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፣ 10 ኪሎኦም ላይ የምታጣውም 1 በመቶ ነው።

ሲግናል፦
ስታኞ ያሉት ልክ ነው። እኔ ስለ ሲሙሌሽኑ ልጨምር። 4 ናኖፋራዱን ከ10 ኪሎኦሙ ጋር ፓራለል አስገባና በሳይን ሳይሆን በ100 ሚሊቮልት ስኩዌር ዌቭ ምታው። ጠርዙ ላይ ከደወለ፣ ማለትም ቶሎ ሳይረጋ ከተወዛወዘ፣ ማርጅንህ ቀጭን ነው። ከዚያ ካፓሲተሩን ከ100 ፒኮ እስከ 10 ናኖ እየቀያየርክ እይ። ትልቁን የሰዓት እርምጃ 20 ናኖሰከንድ ላይ ገድበው፣ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ፈጥኖ እየዘለለ መንቀጥቀጡን ላያሳይህ ይችላል። የአይሲው ሞዴል የመውጫ ሬዚስታንስ ከሌለውማ ምንም ሎድ ብትሰቅልበት አይነቃነቅም፣ እሱን መጀመሪያ አጣራ።

ታች ያለው ፓወር አምፕ ላይም ያው ነገር አለ። ስፒከርን 8 ኦም ሬዚስተር አድርገህ አትሳለው። 6 ኦም ከ0.5 ሚሊሄንሪ ጋር በሴሪ አድርገው፣ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ኮይሉ ብቻውን 63 ኦም ይሆናል። ቲዲኤ2030 (የፓወር አምፕ አይሲ) ላይ ከመውጫው ወደ ግራውንድ 1 ኦምና 0.22 ማይክሮፋራድ የሚደረገው ለዚህ ነው፣ ከላይ ባለው ፍሪኩዌንሲ አምፑ ያለ ሎድ እንዳይቀር። ኪት ሲገጥሙ ያንን የሚዘሉ ልጆች አሉ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ዓባይ_ማዶ፦
እኔም ተማርኩ። ገመድ ቀይር ያልኩትን ተወው።

ጣና_ዳር፦
ጋሼ ስታኞ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ 4 ናኖፋራዱን ሲሙሌሽኑ ላይ አስገባሁት፣ ኦሲሎስኮፕ ላይ ያየሁት መንቀጥቀጥ ቁጭ አለ፣ ደስ አለኝ ብል ይሻላል። ከዚያ 100 ኦሙን በየድኩ። ዛሬ ማታ ገመዱን ሰክቼ የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ በ10 (ምልክቱን ለአሥር የሚያካፍለው) አድርጌ ነካሁት። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። አይሲውን በጣቴ ያዝኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። የግራውን ቻናል ነገ ጠዋት እበይደዋለሁ፣ ከዚያ የቲዲኤውን ቦርድ ገልብጬ ያቺ 1 ኦም መኖሯን አያለሁ።