የ1977ቱ ድርቅ እና የአየር ንብረት ለውጥ፦ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ላስረዳ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሙያ ባልደረቦቼ። በደቡብ ወሎ ደጋ የ8ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነኝ። የአየር ንብረት ለውጥን ሳስተምር አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁና እርዱኝ።

ተማሪዎቼ በበልግ የሚያመርቱ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። ከየካቲት ጀምሮ የሚጠበቀው ዝናብ ሲቀር ገብሱ እንደማይዘራ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንዷ ተማሪ ታዲያ «የ1977ቱ ድርቅስ በአየር ንብረት ለውጥ የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። ድርቅ በአገራችን ጥንትም ነበር፤ የ2008ቱም ከኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) ጋር የተያያዘ ነው። የአየር ንብረት የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ30 ዓመት አማካይ የሚለካ ነው። ይህን እውነቱን ሳላዛባ፣ ወላጆቿ በዓይናቸው ያዩትንም ሳላጣጥል በምን ላሳያት?

ያሰብኩት የአካባቢያችንን የቆየ የዝናብ መዝገብ አግኝቼ ተማሪዎቹ ራሳቸው በወረቀት ላይ ግራፍ እንዲሠሩ ነው። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአንድ ጣቢያ ወርኃዊ መረጃ ለማስተማሪያ የወሰደ መምህር ካለ፣ ማመልከቻው ላይ ምን እንደጻፈ ይንገረኝ። የሽማግሌዎችን ትዝታ ከቁጥሩ ጋር በክፍል ውስጥ ያነጻጸረ ካለ ደግሞ ልምዱ እጅግ ይጠቅመኛል፤ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምን አለ? ክፍላችን ኤሌክትሪክ የለውምና ቪዲዮ ልጠቀም አልችልም።

«እኛ ፋብሪካ የለንም፤ ታዲያ ለምን እኛ እንጎዳለን?» የሚሉኝም አሉ። ለዚህኛው መልስ አለኝ፤ የከበደኝ የመጀመሪያው ነው።