ለቤት ወርክሾፕ የብየዳ ጠረጴዛ ላዩ ስንት ሚሊ ይሁን?

የዓለም ባንክ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ግቢያችን ውስጥ 3 በ4 የሆነች የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ እሷን የብየዳ ቤት አድርጌያታለሁ፣ በር፣ መስኮት፣ አልፎ አልፎ የሱቅ መደርደሪያ እሠራለሁ። ማሽኔ 200 አምፔር ኢንቨርተር ነው፣ ብዙ ጊዜ በ2.5 ኤሌክትሮድ ነው የምሠራው። አምና ጠረጴዛ ሠርቼ ነበር፣ እግሩን በ40 በ40 ቱቦላሬ አድርጌ ላዩን 2 ሚሊ ላሜራ አለበስኩትና ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ በየድኩት፣ ሲቀዘቅዝ መሀሉ ተነፋ፣ አሁን በእጅ ሲጫኑት ቡም ብሎ ይገባል ሲለቁት ቡም ብሎ ይወጣል፣ ከበሮ በሉት። ቢሆንም ሌላ ስለሌለኝ እሱ ላይ ስሠራ ቆየሁ። ባለፈው ወር ለጎረቤት የሠራሁት የመስኮት ፍሬም ግድግዳው ላይ ሲገባ ተጣሞ ተገኘ፣ ሦስቱ ጥግ ሲነካ አንዱ አንድ ሳንቲም ያህል ይቆማል። አፍርሼ ከኪሴ ብረት ገዝቼ እንደገና ሠራሁለት። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገረኝም፣ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

አሁን በደንብ አድርጌ ልሥራው ብያለሁ። ያየኋቸው ሦስት ናቸው፣ አንደኛ አዲስ 6 ሚሊ ላሜራ 1 በ2 ሜትር ሙሉውን፣ ሁለተኛ ምናለሽ ተራ ያየሁት አሮጌ ወፍራም ብረት 10 ወይ 12 ሚሊ ይሆናል፣ ሦስተኛ አንድ ጓደኛዬ የተረፈው 4 ሚሊ ጋልቫናይዝድ፣ ማለት እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ አለ በጣም በርካሽ ይሰጠኛል። የቱ ይሻላል? ዋጋው ያስጨንቀኛል ግን ሁለተኛ መሥራት አልፈልግም።

ኮልፌ ብረታ ብረት፦
ልጄ በመጀመሪያ ጋልቫናይዙን ተወው፣ በነፃም ቢሰጥህ ለጠረጴዛ አትውሰደው። ዚንኩ በ907 ዲግሪ ይተናል፣ ብረቱ ግን የሚቀልጠው 1500 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አርኩ በነካው ቁጥር ገና ብረቱ ሳይቀልጥ ነጭ ጭሱ ይነሳል። ዕቃው ራሱ ጋልቫናይዝ ሲሆን አንድ ቀን ሠርተህ ትገላገላለህ፣ ጠረጴዛህ ሲሆን ግን በየቀኑ ፊትህ ስር ነው፣ በዛ ላይ ክፍልህ 3 በ4 ነው ያልከው። ወጣት ሆኜ እሠራበት የነበረ ቤት አብሮኝ ያለ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጋልቫናይዝ ቱቦ ሲበይድ ውሎ ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ አለው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ ጠዋት ተሻለው። ወተት ጠጥቼ እበይዳለሁ የሚል በያጅ ሞልቷል፣ ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ ውስጥ። ይሄን ለሁሉም ነው የምለው፣ እባካችሁ።

አሮጌው ብረት መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ የኔ ጠረጴዛ ራሱ ከምናለሽ ተራ ነው 20 ዓመት ሊሞላው ነው። ግን ከምን እንደተቆረጠ አረጋግጥ። የታንከር ገላ ከሆነ አትንካው፣ ያ በሮለር የታጠፈ ነው፣ ዓይን ቀጥ ያለ ይመስለዋል ማስመሪያ ስታስቀምጥበት ቅስቱ ይወጣል፣ 10 ሚሊ ብረት ደግሞ በመዶሻ አቀናለሁ ብትል ክንድህ ነው የሚያልቀው። በጋዝ የተቆረጠ ከሆነ ጠርዙ ላይ በሙቀት ተጎትቶ ሊሆን ይችላል፣ ረጅም ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ይዘህ ሂድና በቁመቱ፣ በጎኑ፣ በአግድሙም አስቀምጠህ ከስር ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እይ። ነጋዴው ቢያጉረመርምብህ ታገስ፣ ገንዘቡ ያንተ ነው።

መገናኛ፦
6 ሚሊ ይበቃል ብሮ፣ እኔ በ6 ሚሊ 3 ዓመት ሠራሁ ምንም አልሆነም። ለበርና መስኮት 12 ሚሊ ምን ይሠራል?

የሻርጃው፦
6 ሚሊ ይበቃል የሚለው እውነት ነው ግን ከስሩ ያለው ፍሬም ከተስተካከለ ነው። እኔ ሻርጃ ፋብሪኬሽን ውስጥ ስሠራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ውፍረቱ ብቻውን አያድንህም የሚለውን ነው። የላሜራ ጥንካሬ በውፍረቱ ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ 8 እጥፍ ይጠነክራል። ከ2 ሚሊ ወደ 6 ስትሄድ 27 እጥፍ ነው፣ ወደ 8 ስትሄድ 64። ስለዚህ ከ2 ሚሊ ወጥተህ የትም ብትሄድ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው የሚሆንብህ።

ያንተ ጠረጴዛ ግን የተነፋው ስለሳሳ ብቻ አይደለም ወንድሜ፣ ዙሪያውን ስለበየድከው ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ አራቱም ጠርዝ ሲያጥር መሀሉ ያለው ብረት መሄጃ ያጣል፣ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይነፋል። 6 ሚሊም ገዝተህ እንደዛ ዙሪያውን ከበየድከው ከበሮ ባይሆንም መጎበጡ አይቀርም። ላዩን በብሎን እሰረው፣ ብሎኑ ጭንቅላቱ ሾጣጣ ሆኖ ብረቱ ውስጥ የሚሰምጠው ዓይነት ይሁን፣ አለበለዚያ ከስር በየጥጉ ሁለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ነካ አድርገህ ያዘው፣ ወፍራም ከሆነ በክብደቱም ይቀመጣል። ፍሬሙና ላዩ የማይገናኙበት ቦታ ካለ በግድ ስበህ አትሰረው፣ ቀጭን ላሜራ ቆርጠህ ክፍተቱ ውስጥ ሸጉጥ። በግድ ከሳብከው ላዩ የፍሬሙን ጠማማነት ይወርሳል።

ላዩ ደግሞ ከፍሬሙ ዙሪያውን ከ8 እስከ 10 ሳንቲም ወጣ ይበል፣ ክላምፕ የሚይዘው ጠርዝ ያስፈልግሃል። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳና በኋላ ዕቃውን በድንጋይ እየተጫነ ይበይዳል።

የዓለም ባንክ ልጅ፦
ጋሼ ኮልፌ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋልቫናይዙን ትቼዋለሁ፣ እርስዎ ያሉት ብርድ ብርድ ማለት እኔም አንዴ ደርሶብኝ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። የሻርጃው ወንድሜ አንተም ተባረክ። አንድ ጥያቄ ግን፣ በር 2 ሜትር ከ10 ነው፣ ጠረጴዛው ቢያንስ 2 ሜትር መሆን የለበትም ወይ? ለዛ ነው ሙሉ ላሜራ ያሰብኩት።

ኮልፌ ብረታ ብረት፦
አያስፈልግህም። ጠረጴዛህ 1.20 በ80 ይሁን፣ ለበር የሚሆን ከጠረጴዛው ጋር እኩል ከፍታ ያላቸው ሁለት መቆሚያ ሥራ፣ ከአንዱ ወገን የተረፈውን በር እነሱ ይሸከሙልሃል። ለሙሉ ላሜራ የምታወጣውን ብር ውፍረት ላይ አውለው፣ ሰፊ ስስ ከምትገዛ ጠባብ ወፍራም ግዛ። 3 በ4 ክፍል ውስጥ 2 ሜትር ጠረጴዛ ካስቀመጥክ በሩን ራሱ ማዞሪያ ታጣለህ።

እና ስትገዛ ሚሊውን በአፍ አትመን፣ አስመዝን። ብረት አንድ ሜትር ካሬው በአንድ ሚሊ 7.85 ኪሎ ነው። 1.20 በ80 ማለት 0.96 ካሬ ነው፣ 8 ሚሊ ከሆነ 60 ኪሎ ገደማ፣ 10 ሚሊ ከሆነ 75 ገደማ መምጣት አለበት። 10 ነው ተብለህ 65 ከመጣ 10 አይደለም። አሮጌ ብረት ላይ ዝገት የበላው ቦታም በዚሁ ይታወቃል።

ቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ተብሏል፣ እኔ የምጨምረው ተማሪዎቼ ሁሌ የሚዘነጉትን ነው። የወንድማችን መስኮት ሦስት ጥግ ነክቶ አንዱ የቆመው መሀሉ ስለተነፋ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ጠረጴዛው ራሱ ተጠምዝዞ ይሆናል፣ ይሄን ደግሞ ሊቬላ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ሲባጎ በቂ ነው። አራቱም ጥግ ላይ እኩል ውፍረት ያላቸው አራት ቁራጭ ብረቶች አድርግ፣ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት ሲባጎ አጥብቀህ ወጥር፣ መሀል ላይ ሲገናኙ የላይኛው የታችኛውን ለስለስ አድርጎ ብቻ መንካት አለበት። ከዛ የታችኛውን ወደ ላይ አዙረህ ድገመው። ክፍተት ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከተጫነው ተጠምዝዟል ማለት ነው። ይሄን ፍሬሙ ላይ ላዩን ከማስቀመጥህ በፊት ሥራው፣ አንዴ ደግሞ ጠረጴዛው ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ። ወለሉ ጎርባጣ ከሆነ እግሮቹ ስር ዳዶ በይደህ ወፍራም ብሎን አስገባበት፣ እያሽከረከርክ ታስተካክለዋለህ።

ሁለተኛው የማሳ፣ ማለት ከረንቱ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት የገመዱ መቆንጠጫ ጉዳይ ነው። ማሳውን ጠረጴዛው ላይ መያዝ ይመቻል፣ ነገር ግን አዲስ ላሜራ ላይ ያለው ጥቁር ቅርፊት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ ማሳው የሚነክስበትን ቦታና ዕቃው የሚያርፍበትን በግራይንደር ንፁህ ብረት እስኪታይ አጽዳ፣ ሌላውን ቦታ ግን ቅርፊቱን አታንሳ፣ ፍንጣሪ እሱ ላይ ብዙ አይጣበቅም። ኩሽኔታ ያለው ነገር ስትበይድ፣ ለምሳሌ የተንሸራታች በር ጎማ፣ ማሳውን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን የምትበይደው ብረት ላይ ራሱ ያዝ፣ አለበለዚያ ከረንቱ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ይበላቸዋል።

ክረምት ላይ ደግሞ አደራ። ሳትበይድ ኤሌክትሮዱ ላይ የሚቆመው ቮልቴጅ በብዙ ማሽን ከ60 እስከ 80 ይደርሳል፣ ጠረጴዛህ ደግሞ ማሳ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ሆኖ በሸበጥ ቆመህ፣ ጓንትህ በላብ ረጥቦ፣ በሆድህ ጠረጴዛውን ተደግፈህ ኤሌክትሮድ ስትቀይር ነው አደጋው። ደረቅ ጣውላ ላይ ቁም፣ ጓንት ቀይር። ከእጄ ያለፉ ልጆች ብዙ ናቸው፣ አንዳቸውም በዚህ ምክንያት እንዲጎዱ አልፈልግም።

መገናኛ፦
ስለ ማሳውና ኩሽኔታው አላውቅም ነበር እህቴ፣ የሁለት ደንበኛ በር ጎማ ለምን ቶሎ እንደተበላ አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።

የዓለም ባንክ ልጅ፦
ቤተሰብ ተሳክቷል። ምናለሽ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ 10 ሚሊ አገኘሁ፣ 1.20 በ80 ነው፣ ሲመዘን 74 ኪሎ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት እንደተባለው የታንከር ነበር፣ ቱቦላሬ ሳስቀምጥበት መሀሉ ጣት ያስገባል፣ ተውኩት። ፍሬሙን በ60 በ60 ቱቦላሬ ሠርቼ በሲባጎ ስለካው አንዱ እግር 4 ሚሊ አጥሯል፣ አሁን በብሎን አስተካክዬዋለሁ። ላዩን በ6 ብሎን አሰርኩት። ትናንት አንድ የመስኮት ፍሬም እሱ ላይ ሠርቼ አራቱም ጥግ ሲቀመጥ አየሁ፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ላዩ ላይ ቀይ ዝገት አለው፣ ምን ላድርገው? የተቃጠለ ዘይት ልቀባው ነበር።

ኮልፌ ብረታ ብረት፦
እንኳን ደስ አለህ ልጄ። የተቃጠለ ዘይት አትቀባ፣ በነካኸው ቁጥር ይጨሳል፣ ጭሱም መጥፎ ነው፣ ብየዳህንም ያበላሽብሃል። በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ማታ ሥራ ስትጨርስ በጨርቅ ንፁህ ዘይት ስስ አድርገህ አብሰው፣ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። የተጣበቀ ፍንጣሪ ካለ በመሮ አንሳው፣ በግራይንደር ዲስክ አትፋቀው፣ ዲስኩ ጉድጓድ ያወጣበታል።