የዶሮ ቤቴ ወለል ዛሬ ሌሊት ወደቀ፤ ተንቀሳቃሽ ትንሽ ቤት የቱን ልያዝ?

የሱሉልታዋ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። በሌሊቱ ዝናብ የዶሮ ቤቴ ወለል ተገምሶ ወድቆ፣ ጠዋት ዶሮዎቹን ከሥሩ ጭቃ ላይ ተኮልኩለው አገኘኋቸው። አሁን ወጥ ቤት ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ካርቶኑም ርሶ ሊበጣጠስ ነው። ዛሬ ወይ ነገ ሌላ ቤት ያስፈልገኛል። መንገድ ዳር ባለ ጎማ የሆኑ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አሉ፣ ሰፈሬ ደግሞ ብየዳ ቤት አለ። ከየትኛው ይሻለኛል? የግድ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። መጠኑንም ንገሩኝ።

ቄብ አርቢ
እህቴ፣ ስንት ናቸው? ምን ዝርያ? ማደሪያ ብቻ ነው ወይስ ቀኑንም ተዘግቶባቸው ይውላሉ? የወደቀው ወለል ከምን የተሠራ ነበር? ይህን ሳናውቅ የምንሰጥሽ መጠን ግምት ነው።

እስከዚያው ካርቶኑን ተዪው። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጆንያ አንጥፊ፣ በላዩ አራት ጣት ያህል ደረቅ ሳጋቱራ በትኚ፣ የእንጨት ሣጥን ወይም የተጋደመ አግዳሚ ወንበር አስገቢላቸውና እሱ ላይ ይደሩ። ከሁሉም በላይ ከሰል እዚያ ቤት እንዳታቀጣጥዪ። የከሰል ጋዝ ሰው ገና ራሱን ሳያመው ዶሮን ይገድላል።

ጋሽ ደጉ
ወጥ ቤት ገብታ በእግሯ የምትወጣ ዶሮ እንግዲህ የአንቺ ብቻ ናት፣ ዕድሜ ይስጣቸው! አሁን ወደ ቁም ነገሩ፦ ተንቀሳቃሽ ቤት ለምን አስፈለገሽ? በሐምሌ ሱሉልታ መሬቱ ውኃ የጠጣ ሸክላ ነው። ጎማው ይሰምጣል፣ በየቀኑ ያቆምሽበት ቦታ ሁሉ ረግረግ ይሆናል፣ በሳምንት ውስጥ ግቢሽ ሙሉ ጭቃ ነው። ቋሚ ቤት በድንጋይ መሠረት ሠርተሽ ተገላገዪ።

የሱሉልታዋ
8 ናቸው። ዝርያቸው ሳሶ፣ የ5 ወር ቄቦች፣ ሁለቱ እንቁላል ጀምረዋል። ቤት የተከራየሁ ስለሆነ አከራዬ መሬት አይቆፈርም፣ ሲሚንቶም አይፈስም ብለውኛል፤ የሚንቀሳቀስ ያልኩት ለዚያ ነው። ወለሉ ቺፑድ ነበር። 1.2 ሜትር በ60 ሳንቲም ነው፣ ሻጩ «10 ዶሮ ይይዛል» ብሎኛል። ቀን ቀን እኔ ቤት ስውል እለቃቸዋለሁ፣ ሥራ ስገባ ይዘጋባቸዋል።

አናጺው
ቺፑድ ከሆነ ዝናቡን አትውቀሺ። ቺፑድ በሙጫ የተጣበቀ ሳጋቱራ ነው፣ አንዴ ውኃ ከጠጣ ያብጥና ይፈረካከሳል። ስምንት ዶሮ ደግሞ በቀን ወደ 1 ኪሎ እርጥብ ኩስ ይጥላል፣ ግማሽ ያህሉ የሚወድቀው ሌሊት ከቆጡ ሥር ነው። ስለዚህ በበጋም ቢሆን ይወድቅ ነበር፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

የ«10 ዶሮ» ሒሳብም ልክ አይደለም። 1.2 በ0.6 ማለት 0.72 ካሬ ሜትር ነው። ሳሶ ከባድ ዶሮ ናት፣ ቆጥ ላይ እያንዳንዷ 25 ሳንቲም ያህል ትፈልጋለች። የ1.2 ሜትር ቆጥ አራት፣ ተጨናንቀው አምስት ይይዛል። በ60 ሳንቲም ስፋት ሁለተኛ ቆጥ ብትጨምሪ አንዱ ከግድግዳው ይለጠፋል፣ የአንዷ ኩስ በሌላዋ ጅራት ላይ ያርፋል። እንግዲህ የገዛሽው የአምስት ዶሮ ቤት ነው። መንገድ ዳር ያሉትም መጠናቸው ያው ከሆነ ሁለት መግዛት ሊኖርብሽ ነው።

ለምለም
ወለሉን ሽቦ አድርጊውና ኩሱ ወደ ታች ይውደቅ። ቀላል ነው።

ቄብ አርቢ
ለሳሶ ሽቦ ወለል አልመክርም። ክብደቷ እግሯን ሽቦው ላይ ይጫነዋል፣ መዳፏ ይቆስልና ያብጣል፣ ከዚያ ታነክሳለች። ከሥር የሚገባው ነፋስም የሱሉልታን ሌሊት ያከፋዋል። ዶሮ ደረቅ ከሆነችና ነፋስ ካላገኛት ብርዱን ትችለዋለች፤ እርጥበትና ነፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ትታመማለች።

ባለ ብየዳ
ብየዳ ቤት አሠሪው። ልኩን ልስጥሽ፣ ለባለሙያው አሳዪው።

የታችኛው ክፈፍ 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር፣ ባለ 25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)። ቋሚዎቹና የላይኛው ክፈፍ ባለ 20 በ20 ሚሊ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ካደረገው ክብደት ብቻ ነው የምትገዢው። ከርዝመቱ ግማሹ ላይ ማደሪያው ይቀመጣል፦ 1.2 በ1.2፣ ከመሬት 50 ሳንቲም ከፍ ብሎ። ከማደሪያው ሥር ያለው ክፍትና የቀረው ግማሽ በሽቦ ተከልሎ መዋያ ይሆናል፣ ስለዚህ እግራቸው የሚረግጠው መሬት ሙሉው 2.88 ካሬ ነው።

የማደሪያው ወለል ከዝርግ ላሜራ የተሠራ መሳቢያ ይሁን፣ ጠርዙ 6 ሳንቲም ወደ ላይ የታጠፈ። አንድ ትልቅ መሳቢያ እንዳያደርገው፤ ሁለት አድርጎ 60 በ120 ይቁረጠው። አምስት ሳንቲም ሳጋቱራ ሲገባበት አንዱ ትልቅ መሳቢያ ከነብረቱ ለብቻሽ የማይሳብ ይሆናል፣ እርጥብ ከሆነማ አይነካም። የመሳቢያው መውጫ በጀርባ በኩል ይሁን፣ ፊት ለፊት መወጣጫው ያግደዋል።

ግድግዳው ባለ 6 ሚሊ ፕላይዉድ ከውጭ ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም የተቀባ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወደ ጀርባ 20 ሳንቲም ያዘቀዘቀ፣ በአራቱም በኩል 20 ሳንቲም የሚወጣ ክፈፍ ያለው። ከጣሪያው ሥር በሁለት በኩል 12 ሳንቲም ስፋት ያለው ክፍት ተዪ፣ በሽቦ ሸፍኚው። ክፍቱ ቆጥ ላይ ከተቀመጠች ዶሮ ራስ በላይ መሆን አለበት። ብርድ ፈርቶ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ሰው ነው ጠዋት ሲከፍት ዓይኑን የሚያቃጥለውን የኩስ ሽታ የሚያገኘው፣ ዶሮዎቹ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ ያድራሉ።

ሁሉም ተደምሮ ወደ 60 ኪሎ ይመጣል። ጎማዎቹን በከባዱ ጫፍ፣ በማደሪያው በኩል አድርጊ፤ በሌላው ጫፍ 50 ሳንቲም የሚወጡ ሁለት እጀታዎች። እንዲህ ከሆነ ስታነሺው እጅሽ ላይ የሚመጣው 20 ኪሎ ገደማ ነው። ጎማው መሐል ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ይገለበጥብሻል፣ በቀላሉ ጫፍ ከሆነ ደግሞ 30 ኪሎ ገደማ ልታነሺ ነው።

ጋሽ ደጉ
ጎማውስ? ጭቃውን ረሳኸው።

ባለ ብየዳ
አልረሳሁም። መንገድ ዳር ባሉት ላይ የሚገጠመው የወንበር ጎማ የመሰለ ትንሽ ፕላስቲክ ለሲሚንቶ ወለል እንጂ ለግቢ አይሆንም። የእጅ ጋሪ ጎማ ግዢ፣ ነፋስ የሚሞላ፣ ዲያሜትሩ ከ35 ሳንቲም የማያንስ። ሰፊ ስለሆነ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል። ነፋሱን በጣም አታጠንክሪው።

አናጺው
እንጨት ብቻ ካገኘሽ ደግሞ ደረቅ ጥድ ሞራሌ ውሰጂ። እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳይሰጡሽ፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ በሩ አይገጥምም፣ ሸለምጥማጥ የሚፈልገውም እሱኑ ክፍተት ነው። የእንጨቱን እግር ከሥር የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይቻላል።

ቄብ አርቢ
የተቃጠለ ዘይት ከውጭ እግሩ ላይ ብቻ፣ ያውም ከደረቀ በኋላ። ቆጥና ግድግዳ ላይ አይሁን፣ ላባቸው ላይ ይለጠፋል፣ ሲያበጥሩት ይውጡታል።

ስለ ሽቦ ማንም አላነሳም፣ ትልቁ ስሕተት ግን እዚያ ነው። ባለ ስድስት ጎኑ ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል እንጂ አውሬን ከመግባት አያግድም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፣ ሸለምጥማጥ ደግሞ ጭንቅላቱ ባለፈበት ሰውነቱ ያልፋል። ካሬ ቀዳዳ ያለውን የተበየደ ሽቦ ግዢ፣ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች። ውድ ከሆነብሽ ከመሬት እስከ 60 ሳንቲም ድረስ እሱን፣ ከዚያ በላይ የአንድ ኢንቹን ካሬ ሽቦ አድርጊ። በብረቱ ላይ በየ10 ሳንቲሙ በማሰሪያ ሽቦ ይታሰር፤ እንጨት ከሆነ በሚስማር ሳይሆን በቪቴና በሮንዴላ። ሚስማሩን አውሬ ጎትቶ ያወጣዋል።

ቆፍሮ መቅበር አትችዪም ብለዋል አከራይሽ። አያስፈልግም። 30 ሳንቲም ስፋት ያለው ተጨማሪ ሽቦ ከክፈፉ ሥር ወደ ውጭ መሬት ላይ ዘርጊ፣ በሽቦ ቀለበት አያይዢው፣ ስታንቀሳቅሺ ወደ ላይ ታጥፊዋለሽ። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፣ እግሩ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ይተወዋል። በሩ ላይ የሚጎተት መቀርቀሪያ ከላይም ከታችም ይሁን፤ አንድ ብቻ ከሆነ አውሬው ጥጉን እየገፋ ይከፍተዋል። ይህ ሁሉ ግን አጥር ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው። 60 ኪሎ ቤት ጅብ ይገለብጠዋል።

የእንስሳት ጤና
ሁላችሁም ስለ ብረት ታወራላችሁ። በጭቃ ያደሩ ቄቦች ናቸው። ላባቸውን በደረቅ ጨርቅ አድርቂ፣ ከዚያ ለሚቀጥሉት ቀናት ኩሳቸውን በየጠዋቱ እዪ። ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ላባ ነፍተው ጥግ ከያዙ ኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ሕዋስ የሚያመጣው በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በውኃ ለ5–7 ቀን ይሰጣል፣ ለሁሉም እንጂ ለታመመችው ብቻ አይደለም። የጥገኛው ዕንቁላል ከኩስ ከወጣ በኋላ እርጥብ መሬት ላይ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ካልቆየ በሽታ አያስይዝም። ቤቱን በየቀኑ ማንቀሳቀስ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ለሣሩ ብቻ አይደለም።

የፈንግል ክትባትስ? መጨረሻ የተሰጣቸው መቼ ነው? ቢሾፍቱ የሚመረተው ላሶታ የሚባለው ክትባት በየ3–4 ወሩ ይደገማል። በውኃ ስትሰጪ ክሎሪን የሌለው ውኃ ይሁን፣ በሊትር 2 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ጨምሪበት፣ ዶሮዎቹን አስቀድመሽ አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ አስጠሚ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። የታመመች ካለች ግን ክትባቱን አቆዪው።

ለምለም
እኔ አሁንም ሽቦ ወለል ነው የምለው። ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል፣ ማጽዳት አያስፈልግም።

አናጺው
ለምለም፣ ከወደድሽው መሐል ቤት አለ፦ ሦስት ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ በ2.5 ሳንቲም ክፍተት መደርደር። እግራቸው ያርፋል፣ ኩሱም ይወርዳል። ለትልልቅ ዶሮ ብቻ ነው፤ ጫጩት ካለ እግሯ ይገባና ይሰበራል። ግን ማጽዳት አይቀርም፣ ከሥሩ ይከመራል።

ጋሽ ደጉ
የአከራይሽን ነገር ሰማሁ፣ ቋሚውን ትቻለሁ። የጭቃውን ግን አልተውኩም። 2.88 ካሬ ለስምንት ማለት ለአንዷ 0.36 ነው። በየቀኑ ከተንቀሳቀሰ ይሆናል፤ አንድ ቦታ ከቆመ ለአንዷ 1 ካሬ ያስፈልጋል። ክረምቱን እንዲህ አድርጊ፦ የግቢሽን ከፍ ያለውን፣ ውኃ የማይተኛበትን ቦታ ምረጪ፣ ቤቱን በስድስት ብሎኬት ላይ አስቀምጪው፣ መዋያው ውስጥ 15 ሳንቲም ሳጋቱራና ጭድ ሙዪ፣ ዙሪያውን በጣውላ ያዥው፣ ከብሎኬቱ መሐል ያለው ክፍተት እንዳይቀር። እስከ መስከረም አታንቀሳቅሺው፣ ቤት ስትሆኚ ልቀቂያቸው። ጉዝጓዙን በሳምንት ሁለት ጊዜ በሹካ ገልብጪ። እፍኝ አንሥተሽ ጨብጪው፦ ስትከፍቺ ተጣብቆ ኳስ ሆኖ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ደረቅ ጨምሪ። ከተበተነ ጥሩ ነው። መሬቱ ሲጠና ብሎኬቱን አውጥተሽ በየቀኑ አንድ ቤት ርዝመት ወደፊት መግፋት ጀምሪ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳትመለሺ 3–4 ሳምንት አሳርፊው።

የሱሉልታዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ብየዳ ቤቱ ዛሬ ይጀምራል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል አለኝ። የጋሽ ደጉን ብሎኬት አገኘሁ። ቆጡ ከፍታው ስንት ይሁን? የእንቁላል መጣያስ? ክትባቱን ከገዛኋቸው ወዲህ አልሰጠሁም።

ባለ ብየዳ
ቆጥ ከወለሉ 40 ሳንቲም፣ ሁለት በ30 ሳንቲም ርቀት፣ ሁለቱም እኩል ከፍታ። አንዱ ከበለጠ ሁሉም እሱን ይሻማሉ። እንጨት ይሁን፣ ብረት አይሁን፤ ብረት ሌሊት እግራቸውን ያቀዘቅዛል። ባለ 4 በ5 ሳንቲም ሞራሌ፣ ሰፊው ጎን ወደ ላይ፣ ጠርዙ በመላጊያ የተላገ። መጣያ ሁለት፣ 30 በ30፣ ቁመቱ 35፣ ከቆጡ ዝቅ ያለ። ከፍ ካለ እዚያ ይተኙበታል፣ እንቁላሉ በኩስ ይለወሳል። መጣያውን ከጎን ወደ ውጭ አውጥቶ ክዳን ያድርግለት፣ ወለሉን አይሻማም፣ እንቁላል ስትሰበስቢም ቤቱን አትከፍቺም።

የእንስሳት ጤና
ከገዛሻቸው ወዲህ ምንም? አሁኑኑ የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ፣ ቤቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ግን መጀመሪያ ኩሳቸውን እዪ ያልኩሽን።

ከሰበታ
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ 15 አሉኝ፣ ይህንኑ ልክ ወደ 4.5 ሜትር ባስረዝመው?

ባለ ብየዳ
አታስረዝሙት። ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን ባለ 25 ቱቦላሬ መሐሉ ላይ ይጎብጣል፣ ወፍራም ካደረጉት ደግሞ አንድ ሰው አይጎትተውም። እኩል ባልሆነ መሬት ላይም አንዱ ጥግ ይነሣና ከሥሩ አውሬ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ሁለት የስምንት ቤት ይሥሩ፤ አንዷ ስትታመምም መለያ ይኖርዎታል።

ቄብ አርቢ
የሱሉልታዋ፣ ቤቱ አለቀ? ኩሳቸውስ?