ብሬኪንግ ባድ ላይ ያለው ሮዝ ድብ፦ የእውነት ምልክት ነው ወይስ እኛ ነን የፈጠርነው?

ሜሪ_ሳሪስ
ሰላም ሰዎች። ብሬኪንግ ባድን (የኬሚስትሪ መምህሩ ዋልተር ዕፅ አምራች የሚሆንበትን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ) ገና አሁን ነው የጨረስኩት፣ አትሳቁብኝ። (ያላያችሁት እዚህ ጋ አቁሙ፣ መጨረሻውን ነው የምናወራው።) ከወንድሜ ጋር ጭቅጭቅ ላይ ነን። እሱ ሁሉም ነገር ምልክት ነው ባይ ነው። የዋልተር ሚስት እህት ማሪ ሐምራዊ የምትለብሰው በምክንያት ነው፣ ዋልተር የእጅ ሰዓቱን ትቶ የሄደው ጊዜው ስላለቀ ነው፣ የዋልተር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ያለው ሮዝ አሻንጉሊት ድብ ግማሽ ፊቱ የተቃጠለው ደግሞ ግማሽ ፊቱ በፍንዳታ ጠፍቶ የሚሞተውን የዕፅ ነጋዴ የጋስን አሟሟት ቀድሞ ሊነግረን ነው ይላል። እኔ ግን ግማሹ የዩቲዩበሮች ፈጠራ ይመስለኛል። ሆን ተብሎ የተደረገውን ከአጋጣሚው በምን ትለያላችሁ?

ካሜራው
ድቡ ላይ ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሲዝን 2 ላይ 1ኛው፣ 4ኛው፣ 10ኛውና 13ኛው ክፍል የሚከፈቱት በጥቁርና ነጭ ነው፣ ድቡ ብቻ ሮዝ ሆኖ ይታያል። አሁን የአራቱን ክፍሎች ርዕስ አከታትለሽ አንብቢ፦ «ሰቨን ሰርቲ ሰቨን»፣ «ዳውን»፣ «ኦቨር»፣ «ኤቢኪው» (የአልበከርኪ ከተማ አጭር ስም)። 737 አውሮፕላን አልበከርኪ ላይ ወደቀ! የአውሮፕላኑን አደጋ ርዕሱ ላይ ጽፈውልን እኛ ዝም ብለን እያየን አለፍን። ይሄ አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይምጣ።
ድቡም ዝም ብሎ አልወደቀም። ዋልተር የሥራ አጋሩ የጄሲ ፍቅረኛ ጄን ስትሞት ቆሞ አየ፣ አባቷ የበረራ ተቆጣጣሪ ነው፣ ሐዘኑ ሳይወጣለት ሥራ ገባ፣ ሁለት አውሮፕላን ተጋጨ፣ 167 ሰው አለቀ። ፍርስራሹ ተመልሶ የዋልተር ገንዳ ውስጥ ገባ። እዚህ ጋ ምልክቱና ታሪኩ አንድ ናቸው።

ቦሌ_ተመልካች
በድቡ እስማማለሁ፣ በጋስ ግን አልስማማም። ድቡ ከሲዝን 2 ክፍል 1 ጀምሮ አለ፣ ጋስ ደግሞ የመጣው ክፍል 11 ላይ ነው። ገና ያልመጣ ሰው እንዴት ይተነበያል? ግንኙነት ካለም የተገላቢጦሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጸሐፊዎቹ ጋስን ሲገድሉት ድቡን አስታውሰው ይሆናል።
ሰዓቱማ ጭራሽ! የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ራሱ ተናግሯል። በ2012 ወደፊት የሚሆነውን ቀድመው ባሳዩት ትዕይንት ላይ ዋልተር ቁርስ ቤት ቁጭ ብሎ ሰዓት አላሰረም። የ2013ቱ የመጨረሻ ክፍል ከዚያ ጋር መግጠም ስላለበት እጁ ላይ እንዳይኖር የሆነ ቦታ ማውለቅ ነበረበት። አለቀ። ድራማው 62 ክፍል ስለሆነ 62ኛው ንጥረ ነገር ሳማሪየም ለካንሰር ሕክምና ይውላል የሚሉም አሉ እኮ 😂 እንደዛ ከተሄደ መኪና ማቆሚያውም ምልክት ነው።

ፖፕኮርን_ሻይ
የኔ መለኪያ ቀላል ነው። አንድ ነገር ይደጋገማል? ሰውየው ሲለወጥስ አብሮ ይለወጣል? ማሪ ሐምራዊ መልበሷ ይደጋገማል፣ ስለዚህ ታስቦበታል፣ ግን ስለ ባህርይዋ ብዙም አዲስ ነገር አይነግረኝም። ከሱ ይልቅ ዋልተር ከገደላቸው ሰዎች የሚወስደውን ልማድ እዩ። ዕፅ ሻጩ ክሬዚ ኤይት ሳንድዊች ሲበላ የዳቦው ዳር ዳር እንዲቆረጥለት ይፈልግ ነበር፣ በኋላ ዋልተር ለራሱ እንደዛው ሲቆርጥ ታያላችሁ። ጋስ ሲያስመልሰው ፎጣ አጥፎ ጉልበቱ ስር አደረገ፣ ሲዝን 5 ላይ ዋልተር ያንኑ አደረገ። ማንም ምንም አይልም፣ ካሜራው አሳይቶ ያልፋል። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።
ቀለም ላይ ደግሞ የራሳችንን ትርጉም ይዘን ባንገባ ጥሩ ነው። ቢጫ ለኛ አደይ አበባ፣ እንቁጣጣሽ ነው፤ እዛ ግን ቢጫው ላብራቶሪ ውስጥ የሚለብሱት ቱታ ነው። ምን ማለት ነው ከማለት መቼ መቼ ይመጣል ብሎ መከታተል ይሻላል።

ሜሪ_ሳሪስ
የሳንድዊቹን በጭራሽ አላየሁትም! የሰዓቱን ግን አሁኑኑ ለወንድሜ ልኬለታለሁ 😁

የሜሪ_ወንድም
መጥቻለሁ። ቦሌ፣ ጊሊጋን ያለው ሰዓቱ ለምን እጁ ላይ መቅረት እንደሌለበት ነው። እንዴት እንደሚወልቅ ግን እነሱ ናቸው የመረጡት። መኪና ውስጥ ሊረሳው ይችል ነበር፣ ሊሸጠው ይችል ነበር። እነሱ ግን ነዳጅ ማደያ ወስደው፣ ስልክ ካስደወሉት በኋላ፣ አስወልቀው የሕዝብ ስልኩ ላይ አስቀመጡት። ሰዓቱን ደግሞ ለ51ኛ ልደቱ የሰጠው ጄሲ ነው። በመጨረሻ የሚሄደው የት ነው? ጄሲ ያለበት። ይሄንንም አጋጣሚ ነው በለኝ።